ግዳይ የሌለው አደን፦ በጥቅምት ከውሾች ኋላ መጋለብ (አንድ ጥያቄም አለኝ)

ዳማ ቦራ — ጥቅምት 10፣ ማታ 3፡40

ጤና ይስጥልኝ ፈረስ ወዳዶች። እዚህ ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነብ ከርሜ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የምኖረው ሰሜን ጀርመን፣ በሃምቡርግና በሃኖቨር መካከል ባለው የሉነቡርግ ሄይደ አካባቢ ነው። መሬቱ አሸዋ ነው፤ ጥድ ይበዛዋል፤ የቀረው ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ አጭር ቁጥቋጦ ነው። መጋለብ የተማርኩት ከአገር ከወጣሁ በኋላ ቢሆንም ፈረስ ለቤታችን እንግዳ አልነበረም። አያቴ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ሁለት ፈረስ ነበራቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ልጓማቸውን ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ።

አሁን የምጋልባት ባዝራ የራሴ አይደለችም። ባለቤቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት ናቸው፤ ወገባቸው ስለከዳቸው በሳምንት ሦስት ቀን እኔ እጋልብላቸዋለሁ። 12 ዓመቷ ነው፣ ዳማ ቦራ፣ ልበ ሙሉ። እኚህ እናት በወጣትነታቸው በየዓመቱ ይወጡ የነበረበትን አደን "ዘንድሮ እሷን ይዘሽ ሂጂልኝ" አሉኝ። እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም፤ ደግሞም ከልቤ እመኘው የነበረ ነገር ነው።

አደኑ ሽሌፕያግድ ይባላል። "ሽሌፔ" የሚጎተት ነገር ነው፣ "ያግድ" አደን። ድሮ ሽታ የጠጣ ጨርቅ ወይም ቆዳ በገመድ አስረው መሬት ለመሬት እየጎተቱ ነበር ለውሾቹ ዱካ የሚሠሩላቸው፤ ስሙ ከዚያ ቀረ። እኛ ጋ አሁን አንድ ፈረሰኛ ኮርቻው ጎን ትንሽ ጀሪካን አስሮ ቀድሞ ይወጣል፤ ከጀሪካኑ ጠብ ጠብ የሚለው በውሃ የተበጠበጠ የአኒስ ዘይት ነው። ቀርቤ አሸተትኩት፤ እንስላል የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል፤ ኡዞ የሚባለውን የግሪክ አረቄ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ። ውሾቹ የሚከተሉት ይህን ነው፤ እኛ ደግሞ ውሾቹን። ከፊት የሚሮጥ እንስሳ የለም። በጀርመን አውሬን በውሻ መንጋ እያሳደዱ በፈረስ ማደን ከ1934 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

በዋዜማው ማታ ጋማዋን እንደ ሹሩባ ጎነጎንኩት። ጭራዋ ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰርኩላት፤ ቀይ ጥብጣብ "ይህች ትራገጣለች፣ ከኋላዋ አትጠጉ" ማለት ነው። እስካሁን ተራግጣ አታውቅም፤ ግን ሠላሳ ውሾችና አርባ ፈረስ መሃል ምን እንደምታደርግ ስለማላውቅ ጥንቃቄውን መረጥኩ።

ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነበር። ውሾቹ በመኪና መጡ፤ 15 ጥንድ ናቸው፤ እዚህ ውሻ በጥንድ ነው የሚቆጠረው። ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለባቸው፣ ፎክስሃውንድ የሚባሉ የአደን ውሾች ናቸው፤ እግራቸው ቀጥ ያለ፣ ደረታቸው የወረደ። በሩ ሲከፈት ይበተናሉ ብዬ ነበር። አልተበተኑም። ፒኬር የሚባሉት ባለ ቀይ ኮት ፈረሰኞች ረጅም ጅራፋቸውን እንደያዙ ዙሪያቸውን ቆሙ፤ ውሾቹ ደግሞ ዓይናቸውን ከአለቃቸው ላይ ሳይነቅሉ ጭራቸውን እየቆሉ ጠበቁ። ጅራፉ መምቻ አይደለም፤ አንዱ ከመንጋው ሲወጣ አየሩ ላይ ያጮሁታል፣ ይመለሳል።

ማስተሩ፣ ማለትም የአደኑ አለቃ፣ የነገረን ሕግ አጭር ነው። ውሻ ይቀድማል። የቡድኑን መሪ ማንም አያልፍም። ውሻ በአጠገብህ ካለፈ ፈረስህን አቁመህ ጭንቅላቱን ወደ ውሻው አዙር፤ የኋላ እግሩ ወደ ውሻው እንዳይሆን። መዝለል ያልፈለገ ሰው በሦስተኛው ቡድን ይሄዳል፤ እዚያ መሰናክል የለም፤ ማንም በዚህ አያፍርም።

ከዚያ መለከት ተነፋ። ውሾቹ አፍንጫቸውን ሣሩ ላይ ተክለው ተበተኑ፤ ለጥቂት ጊዜ ድምፅ አልነበረም። አንዷ ጮኸች፣ ሁለተኛው ተቀበላት፣ ከዚያ ሁሉም። ጀርመኖቹ ይህን የኅብረት ጩኸት "የደወል ድምፅ" ይሉታል፤ እውነትም የእሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሩቅ ሲሰማ ነው የሚመስለው። ባዝራዬ ከሥሬ ስትንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ ሽምጥ ነው። አሸዋ ፊቴ ላይ እየተረጨ፣ የወደቀ ቅጠል ከኮቴ ሥር እየበረረ፣ የመጀመሪያውን ግንድ መቼ እንደዘለልነው እንኳ አላወቅሁም።

ሁለተኛው መስመር ላይ የበግ ግጦሽ አቋረጥን። ሄይደ የራሱ በግ አለው፤ ግራጫ፣ ቀንዳም፣ ሽኑኬ የሚሉት። መንጋው ከሰዓት በፊት እዚያ አልፎ ኖሮ የበጉ ሽታ አኒሱን ዋጠውና ውሾቹ ዝም አሉ። እኛም ቆምን። ያን ጊዜ ያየሁት ነገር ከግልቢያው ሁሉ በላይ በልቤ ቀርቷል። ቀኝ ጆሮዋ የተሰነጠቀ አንዲት ውሻ ከሌሎቹ ተለይታ ወደ አጥሩ ሄደች። አንዱን የአጥር እንጨት ከሥሩ አሸተተች፤ ተወችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጭራዋ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ከዚያ እንደ አለንጋ መወዛወዝ ጀመረ፤ ፈረሰኛው ባለፈበት ጊዜ አንድ ጠብታ እንጨቱ ላይ ቀርታ ኖሯል። ራሷን ቀና አድርጋ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች። ሃያ ዘጠኙ ውሾች እምነት እንዳላቸው ሰዎች ዘወር ብለው ወደሷ ሮጡ።

ጥፋቴም እዚያው ነው የደረሰው። ባዝራዬ ስትሮጥ እንደ ውሃ ነች፤ መቆም ግን አልቻለችም። ሌሎቹ ፈረሶች ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሲተነፍሱ እሷ በቦታዋ ትጨፍራለች፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ስትሸሽ የኋላ ኮቴዋ ከአንድ ውሻ መዳፍ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ አረፈ። ፒኬሩ ጮኸብኝ፤ ልክ ነበር። በእረፍቱ ሰዓት ሄጄ ማስተሩን ይቅርታ ጠየቅሁ። "ክፉ አይደለችም፣ ሩጫው ያላለቀ እየመሰላት ነው፤ ወደ መጨረሻው ቡድን ሂጂና ቆመሽ አስተምሪያት" አሉኝ። የቀሩትን ሁለት መስመሮች በእንባ ነው የጨረስኩት፤ ለራሴ ሳይሆን ለዚያ ውሻ።

ጥያቄዬ እንግዲህ፦ በብዙ ፈረስ መካከል የጋለች ባዝራን ጸጥ ብላ እንድትቆም እንዴት ላስተምራት? ጥቅምት 24 ቀጣዩ አደን አለ።

---

ቀይ ቀበሮ — ጥቅምት 10፣ ማታ 4፡25

እህቴ፣ አጻጻፍሽን ወደድኩት፤ ጉዳዩን ግን ልወደው አልቻልኩም። ስሜን ያወጣሁት ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ካየኋት እንስሳ ነው። አንድ ጠዋት የበረዶ ውሃ ላይ ጎንበስ ብላ ስትጠጣ አይቻታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ "አደን" ሲባል ደሜ ይፈላል። እንግሊዝ አገር ያሉትም "እኛ ሽታ ብቻ ነው የምንከተለው" ይላሉ፤ ቀበሮው ግን ሲሞት በቪዲዮ ይታያል። የናንተው በምን ይለያል? መጨረሻ ላይ ውሾቹ ምን ያገኛሉ? በቅንነት ነው የምጠይቀው።

---

ዳማ ቦራ — ጥቅምት 11፣ ጠዋት 1፡15

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ እኔም ከመሄዴ በፊት ያንኑ ነበር የጠየቅሁት።

መስመሩ ከሳምንታት በፊት በእግር ተሄዶ ይመረጣል። ገበሬዎቹ በየትኛው ማሳ ማለፍ እንደሚቻል፣ የትኛው ዘር እንደተዘራበት፣ የትኛው ጫካ ለአውሬ ጸጥታ መተው እንዳለበት ይነግራሉ፤ ዱካው በዚያ ብቻ ይፈሳል። አደኑ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ቃርሚያ ብቻ ነው፤ መሬቱም የበጋ ድርቀቱን ትቶ ለኮቴ ለስልሷል። እርጥብና ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ሽታን መሬት ላይ ያቆየዋል፤ ሞቃትና ነፋሻ ቀን ላይ ይበተናል። ውሾቹ ከቡችላነታቸው ጀምረው በአኒስ ነው የሠለጠኑት። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ጥንቸል ከፊታቸው ተነሥታ ሮጠች፤ ሁለት ወጣት ውሾች ቀና አሉ፤ ፒኬሩ ስማቸውን ጠርቶ ጅራፉን አጮኸ፤ ወደ መስመሩ ተመለሱ። ያየሁት ይህን ነው።

መጨረሻው ሃላሊ ይባላል። የመጨረሻው ጠብታ ያለበት ቦታ ደርሰን ሁላችንም ከፈረስ ወርደን፣ ቆብ አውልቀን ክብ ሠራን። ቀንደ መለከት ነፊዎቹ ነፉ። ከዚያ አንድ ትልቅ ባልዲ መጣ፤ ውስጡ የከብት ጨጓራ ነበር፤ ከቄራ የመጣ፣ ያልታጠበ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ውሾቹ ያን ተሻሙ። እኔ ወዲያው ትዝ ያለኝ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚለው ነበር። ለእያንዳንዱ ፈረሰኛ ደግሞ የባሉጥ ቅርንጫፍ ተሰጠን፤ ኮት ላይ ይሰካል። ሌላ ግዳይ የለም።

---

ማይል በማይል — ጥቅምት 11፣ ቀን 7፡50

እኔ ደግሞ እንግሊዝ ነው የምኖረው፤ ቀይ ቀበሮ ያነሣውን ነገር ከቅርብ አውቀዋለሁ፤ የታደንኩት ራሴ ነኝና።

ረጅም ርቀት እሮጣለሁ። ከአራት ዓመት በፊት የሩጫ ክበባችን ውስጥ አንድ ጓደኛዬ "ለብላድሃውንድ የሚሮጥ ሰው ይፈለጋል" አለኝ። ብላድሃውንድ በማሽተት የታወቀ ባለ ረጅም ጆሮ ውሻ ነው። ይህ ከድራግ ሃንቲንግ (ዳማ ቦራ ሽሌፕያግድ ካለችው) ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው፤ አኒስ የለም፣ ምንም አይጨመርም፤ ውሾቹ የሚከተሉት የሯጩን የራሱን የሰውነት ሽታ ነው። ጠዋት የለበስኩትን ካልሲ አሸተቱት። ሃያ ደቂቃ ያህል ቀድሜ ወጣሁ። ጭቃ፣ አጥር፣ ጅረት፤ የተሰጠኝ ካርታ በእጄ። አንድ ኮረብታ ላይ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ዳማ ቦራ ደወል ያልሽው ነው፤ የነሱ ግን ወፈር ያለ ነው፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። እንደሚነክሱኝ አልፈራሁም፤ ይሁን እንጂ እግሬ በራሱ ፈጠነ። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቃቸው ደርሰው ፊቴን፣ አንገቴን፣ ጆሮዬን ላሱኝ። አንዱ ረጅም ጆሮውን ጭኔ ላይ ዘርግቶ ተኛ። እናቴ ፎቶውን ስታይ አለቀሰች፤ ከዚያ "ውሾቹ ምን ይበላሉ፣ ጠግበው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

አሁን ወደ ጥያቄው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ አውሬን በውሻ ማሳደድ የተከለከለው በ2004 በወጣው ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በየካቲት 2005 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከዚያ በኋላ የቀበሮ አደን ማኅበራቱ "ትሬይል ሃንቲንግ" የሚባል ነገር ጀመሩ። ሁለቱን አንድ ማድረግ ስህተት ነው። በድራግ ሃንቲንግ ሽታው የአውሬ አይደለም፤ መስመሩን መሪዎቹ ያውቁታል፤ ውሾቹ ከመስመሩ ከወጡ ወዲያው ይታወቃል፣ ይመለሳሉ። በትሬይል ሃንቲንግ ግን ሽታው ብዙ ጊዜ ከእንስሳ የተገኘ ነው፣ የሚጣለውም ቀበሮ በሚኖርበት ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው፤ ውሾቹ እውነተኛ ቀበሮ ላይ ቢደርሱ "ሳናውቅ ነው" ለማለት ይመቻል። ናሽናል ትረስት የሚባለው ትልቅ የመሬትና የቅርስ ተቋም በ2021 አባላቱ ድምፅ ከሰጡ በኋላ ለትሬይል ሃንቲንግ ፈቃድ መስጠት አቁሟል። ስኮትላንድ በ2023 ባወጣችው ሕግ ከልክላዋለች። ሌበር ፓርቲም በ2024 የምርጫ ሰነዱ ላይ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እንደሚከለክለው ቃል ገብቷል።

እኔ በበኩሌ ክልከላውን እደግፋለሁ። ድራግና ብላድሃውንድ የሚጋልቡ ሰዎች ከማንም በፊት መደገፍ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ስማቸውን የሚያጎድፍባቸው ያ ነውና። ቀይ ቀበሮ፣ ቁጣህ ትክክል ነው፤ ያረፈበት ሰው ግን ሌላ ነው።

---

ስንክሳር አንባቢ — ጥቅምት 11፣ ማታ 2፡05

ዳማ ቦራ፣ ጥቅምት 24 ያልሽው አደን በፈረንጆቹ ኖቬምበር 3 የሚውለው የሁበርቱስ ቀን መሆኑ ነው? ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሱ ትንሽ ብወጣም ይቅርታ አድርጉልኝ።

ሁበርቱስ በ727 ያረፈ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም የምትገኘው የሊዬዥ ጳጳስ ነው። አዳኝ ሳለ በቀንዶቹ መካከል መስቀል ያለበት ዋላ አይቶ ንስሐ ገባ ተብሎ ይነገርለታል። ይህን ስሰማ በጣም ነው የደነገጥኩት፤ ታሪኩን ከልጅነቴ ስለማውቀው። በእኛ ስንክሳር መስከረም 27 የሚታሰበው ሰማዕቱ ኤዎስጣቴዎስ የሮም የጦር አለቃ ነበር፤ እሱም አደን ወጥቶ ዋላ ሲያሳድድ በቀንዶቹ መካከል መስቀል ታየው፤ ከዚያ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ተጠመቀ። (መስከረም 18 ከሚታሰቡት ከእኛው አባት ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ጋር እንዳይምታታባችሁ።) የኤዎስጣቴዎስ ታሪክ ከሁበርቱስ አፈ ታሪክ የቀደመ ነው። አዳኙ ያሳደደውን ሳይገድል የተመለሰበት ቀን የአዳኞች በዓል መሆኑ፣ እናንተም በዚያ ቀን ዋላ የሌለበት አደን መውጣታችሁ ደስ ይላል።

---

የእንጅባራ ሰው — ጥቅምት 12፣ ጠዋት 2፡30

ልጄ፣ የባዝራሽን ነገር አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። አባቴ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነበሩ፤ እኔም ነኝ። ማኅበራችን በ1932 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚሰበሰበውን ፈረስ ብዛት አይቶ የማያውቅ ሰው አያምንም። አድዋ የዘመቱትን ፈረሶች እናከብርበታለን። ስለዚህ ብዙ ፈረስ መካከል የጋለ ፈረስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ተረጂ። ባዝራሽ አላጠፋችም። ፈረስ ሌላው ሲሮጥ መሮጥ፣ ሌላው ሲሸሽ መሸሽ ተፈጥሮው ነው፤ ብቻውን የቀረ ፈረስ አውሬ የሚበላው ፈረስ ነው ብሎ ያስባል። አንቺ "ቁሚ" ስትያት የምትሰማው "ጓደኞችሽ ይጥፉ" የሚል ነው። ልጓሟን ጠበቅ አድርገሽ ይዘሽ ስትቆዪ ደግሞ ፍርሃቷን ታረጋግጪላታለሽ።

አባቴ ወጣት ፈረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ በዓሉ ሲወስዱ አይጋልቡትም ነበር። ሌሊት ተነሥተው በእግር እየመሩ ያደርሱታል፤ አርጅቶ ጸጥ ካለ ፈረስ ጎን ያቆሙትና እስከ እኩለ ቀን ያቆዩታል። ጉግሱ ይካሄዳል፣ ጭብጨባ አለ፣ ፉከራ አለ፣ አቧራው ይነሣል፤ ያ ፈረስ ግን ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ይጨፍራል፤ ከዚያ ይደክመዋል፤ ከዚያ አሮጌው ፈረስ አንድ እግሩን አሳርፎ ሲያንቀላፋ ያይና እሱም አንድ እግሩን ያሳርፋል። አባቴ "በቃ፣ ዛሬ ተማረ" ብለው ሳይጋልቡት ይዘውት ይመለሱ ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ይናድደኝ ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ሳይጋለብ! ግን በሁለተኛው ዓመት ያ ፈረስ መድፍ ቢተኮስ የማይነቃነቅ ይሆናል።

ስለዚህ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ጸጥ ያለ ፈረስ ያለው ሰው ፈልጊ፤ ጎን ለጎን ሁኑ። ስትቆሚ ልጓሙን ሳብ አድርገሽ ወዲያው ልቀቂ፤ ሳብ፣ ልቀቂ። አንቺም ተንፍሺ፤ ትንፋሽሽን ከያዝሽው እሷም ትይዛለች። መቆም ካቃታት አታስገድጃት፤ ትንሽ ክብ አዙሪያትና መልሰሽ ጠይቂያት። አንድ እግሯን ካሳረፈች አንገቷን ዳብሺልኝ።

---

አዲስ ጋላቢ — ጥቅምት 12፣ ቀን 6፡10

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍዎን ቀድቼ አስቀምጬዋለሁ። እኔ ገና ሶምሶማ ላይ ነኝ፤ ስወድቅ ነው የምኖረው። ዳማ ቦራ፣ ሦስተኛው ቡድን እንዳንቺ ብዙ ጊዜ ላልጋለበ ሰው ይሆናል?

---

ዳማ ቦራ — ጥቅምት 12፣ ቀን 8፡00

ይሆናል፣ ግን ከመጋለብ በፊት ሜዳ ላይ ከሌሎች ፈረሶች ጋር በሽምጥ ሮጦ ማቆም መቻል አለብህ። አዳራሽ ውስጥ የሚታዘዝ ፈረስ ሜዳ ላይ ሌላ ፍጥረት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በእግር ወይም በጋሪ ተከታትለህ እይ፤ ለተመልካች በትራክተር የሚጎተት ጋሪ አለ፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በዚያ ነው የሚመጡት። የራስ ቁርና የደረት መከላከያ ያለክርክር።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አያቴ የተናገሩኝ ያህል ነው የተሰማኝ።

---

የቢሾፍቱ ሐኪም — ጥቅምት 12፣ ማታ 1፡20

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ቢሾፍቱ ነው የተማርኩት፣ አሁን በውጭ አገር የፈረስ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። ጋሼ የተናገሩት በሙሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከሥልጠናው በፊት ሕመም የለባትም ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። መቆም የማትችል ፈረስ አንዳንዴ የምትነግረን "ያመኛል" ነው። ጥርሷ መቼ ታየ? ኮርቻው የተለካው ለሷ ነው ወይስ ከሌላ ፈረስ የመጣ? በአደኑ ጠዋት ምን በላች?

የመጨረሻውን የምጠይቀው በምክንያት ነው። የፈረስ ጨጓራ ሌት ተቀን አሲድ ያመነጫል። ባዶ ሆዷን ከጋለበች አሲዱ ወደ ላይኛው የጨጓራ ክፍል ይረጫል፤ ያ ክፍል መከላከያ ስለሌለው ይቆስላል። ከመጋለብሽ በፊት ድርቆሽ ትብላ፤ ጥቂት እፍኝም ቢሆን።

ሌላው ከዚህ የከፋ ነው። ፈረስ ሥራ ፈታ በምትውልበት ቀን ሙሉ የእህል መኖዋን እየበላች ቆይታ በማግስቱ ድንገት በኃይል ከጋለበች ጡንቻዋ ሊያዝ ይችላል። ድሮ በሳምንቱ መጨረሻ አርፈው ሰኞ ጋሪ በሚጎትቱ ፈረሶች ላይ ይታይ ስለነበር "የሰኞ ጠዋት በሽታ" ይሉታል። ምልክቱ ኋላዋ ይደርቃል፣ ያልባታል፣ መራመድ ትቃወማለች፣ ሽንቷ እንደ ቡና ይጠቁራል። ያን ካየሽ እንድትራመድ አታስገድጃት፤ እዚያው አቁመሽ ሐኪም ጥሪ። በእረፍት ቀኗ እህሉን ቀንሺ።

ስትጨርሺ ልቧን ቁጠሪ። ስታርፍ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው የሚመታው። ከግልቢያ በኋላ በሩብ ሰዓት ውስጥ ከ60 በታች ካልወረደ ወይ አቅም አልገነባችም ወይ አንድ ነገር አሟታል። የጋለ ፈረስ ውሃ አይጠጣ የሚባለውን አትስሚ፤ ትጠጣ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ከመጋለብሽ በፊት የፊት እግሮቿን ከጉልበቷ በታች በሁለት እጅ ዳብሺ፤ አንዱ ከሌላው ከሞቀ ጅማቷ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

---

ቀይ ቀበሮ — ጥቅምት 13፣ ጠዋት 3፡00

ሁሉንም አነበብኩ። ማይል በማይል፣ ልዩነቱን ስላስረዳኸኝ አመሰግናለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድ ይመስለኝ ነበር። "አደን" የሚለው ቃል አሁንም ይከብደኛል። ግን ዳማ ቦራ፣ ያቺ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ከፊቴ አልጠፋችም። ጥቅምት 24 ላይ ካየሻት ጻፊልን።

---

ዳማ ቦራ — ጥቅምት 25፣ ማታ 2፡30

በጠየቃችሁኝ መሠረት ተመለስኩ።

ዶክተር፣ ጥርሷን አሳየሁ፤ በስተቀኝ አንድ ስለታም ጠርዝ ተገኝቶ ተሞረደላት፤ ልጓሙ በነካው ቁጥር ጉንጯን ይቆርጣት ነበር። የኔ ስህተት ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ። ድርቆሿን በልታ ነው የወጣችው። በእረፍት ቀኗ እህል ቀነስኩ።

ትላንት በሦስተኛው ቡድን ገባሁ። ከክበባችን አንዲት ሴት የ22 ዓመት ግራጫ ፈረስ አላት፤ ይዛልኝ መጣች። ጋሼ፣ እንዳሉት ጎን ለጎን ሆንን። የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ባዝራዬ ጨፈረች፤ ክብ አዞርኳት፣ ጠየቅኋት፣ ጨፈረች፣ አዞርኳት። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው። ሦስተኛው ማረፊያ ከአንድ የደረቀ ቦይ አጠገብ ነበር። ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ውሾቹ ከቦዩ ማዶ ሲያሸቱ ይታየናል። ግራጫው ፈረስ ተንፍሶ ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔም ተነፈስኩ። ከሥሬ ኮርቻው በቀኝ በኩል ትንሽ ወረድ ሲል ተሰማኝ፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ የቀኝ የኋላ እግሯን አሳርፋለች። አንገቷን ዳበስኩላት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራተኛው ላይ እንደገና ጨፈረች፤ ግን አንድ ጊዜ ቆማለች።

ቀይ ቀበሮ፣ አየኋት። ያን ጊዜ ቦዩን ተሻግራ ወደኛ መጣች፤ ባዝራዬን ወደሷ አዞርኩ። ከፊት እግሮቿ ሥር አሸተተች፣ ቀና ብላ አየችን፣ ሄደች። ባዝራዬ ጆሮዋን ብቻ አቀናች።

ሲያልቅ ልቧን ቆጠርኩ፤ በሩብ ሰዓት 52። ዛሬ ጠዋት የፊት እግሮቿ ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው። የተሰጠኝን የባሉጥ ቅርንጫፍ በረቷ በር ላይ ልሰቅለው ነበር፤ ቅጠሉ ለፈረስ መርዝ ስለሆነ ተውኩትና ለባለቤቷ ወሰድኩላቸው። ኩሽናቸው ግድግዳ ላይ ሌሎች አሥራ አንድ የደረቁ ቅርንጫፎች አሉ፤ ከወንበር ላይ ለመውጣት ወገባቸው ስለማይፈቅድላቸው አሥራ ሁለተኛውን እኔ ሰቀልኩላቸው።